አይከዳኝ

ስለ ሰው ሞት መጻፍ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ለቅሶው፥ ሙሾው፥ አርባውና ሙት ዓመቱ ሁሉ ሥርዐት አለው። ስለ ውሻ ሞት ብዕሩን የሚያነሣ ሰው ግን አስቀድሞ ከራሱ ጋር መሟገት ይኖርበታል፤ «ለውሻ ደግሞ ይታዘናል ወይ?» የሚል ድምፅ ከውስጡም ከውጭም ይሰማዋልና። ታማኝነቱን እናመሰግናለን፤ ስሙን ግን ለስድብ እናውለዋለን። እኔም ይህን ለመጻፍ ብዙ ዓመት አመንትቻለሁ። ያመነታሁት ግን የሰውን ትችት ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩ የሚያሳፍረው ውሻውን ሳይሆን እኔን ስለ ሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1993 ዓ. ም. በሐምሌ ወር፥ ዝናሙ ቀንና ሌሊት በማይለይበት ሰሞን፥ አባቴ አንድ ምሽት ከካፖርታቸው ኪስ ውስጥ የረጠበ ቡችላ አውጥተው በምድጃው አጠገብ አኖሩት። ከመንገድ ዳር፥ ከቦይ ውስጥ እንዳገኙት ነገሩን። እናቴ ውሻ ወደ ቤት መግባቱን ስላልወደደች «ነገ ጧት ይወጣል» አለች። ቡችላው ግን በማግሥቱ አልወጣም። አባቴ ስም አወጡለት፤ አይከዳኝ አሉት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቻቸው እግራቸውን ከቤታችን አሳጥረው ነበርና፥ ስሙ ለውሻው የወጣ ቢመስልም መልእክቱ ለሰው እንደ ነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አይከዳኝ መልኩ ቡላ፥ አንድ ጆሮው ቀጥ ያለ፥ አንድ ጆሮው የተጣጠፈ፥ ተራ የሰፈር ውሻ ነበር። ዘሩ አይነገርለትም፤ ልዩ ትምህርትም አልተማረም። ነገር ግን የእያንዳንዳችንን የእግር ኮቴ ለይቶ ያውቅ ነበር። ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ሳልደርስ በጅራቱ የቆርቆሮውን በር ሲደበድብ እሰማዋለሁ። ሴት ልጄ እግር በተከለች ጊዜ የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደችው ያን የተጣጠፈ ጆሮውን ጨብጣ ነው፤ እርሱም እንዳትወድቅ የሚያውቅ ይመስል ቀስ እያለ ይራመድላት ነበር። አባቴ ማለዳ ኪዳን ለማስደረስ ሲሄዱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ይከተላቸዋል፤ ከቅጥሩ ውጭ ተኝቶ ይጠብቃቸውና አብሯቸው ይመለሳል። መጀመሪያ ይወጣል ያለችው እናቴም ውላ አድራ የእርሱን ፍትፍት ለብቻው በሳሕን ማስቀረት ጀመረች፤ ስትጠየቅ ግን «የተረፈ ነው» ትል ነበር።

በ1998 ዓ. ም. አባቴ ዐረፉ። በዚያ ሁሉ የለቅሶ ሰሞን፥ እንግዳ ባየ ቁጥር የሚጮኸው ውሻ አንድም ጊዜ ሳይጮኽ ከድንኳኑ ጥግ ተጋድሞ ሰነበተ። ለቀስተኛውም አይቶ እየተደነቀ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን ማለዳ ብቻውን እየወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሲተኛ ያዩት ሰዎች ነግረውናል።

በ2002 ዓ. ም. በልደታ አካባቢ የነበረው የድሮው ሰፈራችን ለአዲስ ግንባታ ሊፈርስ ስለ ሆነ፥ እኛም ጀሞ ከሚገኘው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደርሶን ጓዛችንን ጠቀለልን። ቤቱ ግቢ የለውም፤ ጎረቤቶቻችንም ውሻ በደረጃ ሲወጣና ሲወርድ እንደማይወዱ አስቀድሞ ተነግሮኛል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሌላ መላ ለመፈለግ፥ ገጠር ያለ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ግቢ ያለው ወዳጅ ለመለመን አንድ ቀን እንኳ አለመድከሜም እውነት ነው። ገና ላልተነሣ አንድ ጎረቤት ጥቂት ገንዘብ ሰጥቼ «እየው» አልሁት። ኅሊናዬንም በዚያ ገንዘብ ያሰናበትሁት መሰለኝ።

የጭነት መኪናው በመጣ ዕለት አይከዳኝ ከሁላችን ቀድሞ ዘሎ ወጣና ከፍራሹ ላይ ተቀመጠ። እንደሚሄድ አልተጠራጠረም። በሁለት እጄ ዐቅፌ ያወረድሁት እኔ ነኝ። መኪናው ሲነሣ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ተከትሎን ሮጠ። የስድስት ዓመቷ ልጄ በመስኮቱ ወጥታ ልትወድቅ እስክትደርስ ስትጮኽ፥ እኔ «ዝም በይ፤ ነገ መጥተን እንወስደዋለን» አልኋት። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ያ ነገ አምስት ሳምንት ሆነ። በዚያ መካከል አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ስለ ታማኝነት ሳስተምር የጃፓኑን ውሻ የሐቺኮን ታሪክ አነሣሁ። ሐቺኮ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት የፕሮፌሰር ዩኤኖ ውሻ ነበር። ጌታው በ1925 ዓ. ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሥራ ላይ ሳሉ በድንገት ሞቱ፤ ውሻው ግን እርሱ ራሱ እስከ ሞተበት እስከ 1935 ድረስ፥ ዘጠኝ ዓመት ከብዙ ወር፥ በሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየተመላለሰ ጠበቃቸው። ገና በሕይወት ሳለም በጣቢያው ፊት ለፊት ሐውልት አቆሙለት። ተማሪዎቹ በጸጥታ ካዳመጡኝ በኋላ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፥ እርስዎስ ቤት ውሻ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። «ነበረን» አልሁት። «ሞተ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ምሳሌ አንባቢ ያስታውሳል። ድኻው ሰው እንደ ልጁ አድርጎ ያሳደጋትን፥ ከእንጀራው የምትበላውን፥ በጕያው የምትተኛውን አንዲት በግ ባለጠጋው ወስዶ ዐረዳት። ዳዊት በባለጠጋው ላይ በተቈጣ ጊዜ ነቢዩ ጣቱን ወደ ንጉሡ መለሰ። የዚያ ልጅ ጥያቄ ለእኔ እንደ ነቢዩ ጣት ሆነብኝ። ሐቺኮ የጠበቀው የሞተ ሰው ነበር፤ የእኛ ውሻ የሚጠብቀው ግን በሕይወት ያለ፥ በዚያው ከተማ የሚኖር፥ የአውቶቡስ መሳፈሪያ የማያጣ ሰው ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ድሮው ሰፈር ሄድሁ። ቤቶቹ ፈርሰዋል፤ አደራ ያልሁት ጎረቤትም ሄዷል። ቦታውን የለየሁት በራችን ሥር ከነበረው ጥርብ ድንጋይ ነው። አይከዳኝ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጥንቱ ይቈጠራል። ገና ከሩቅ ሳለሁ ኮቴዬን ዐውቆ ተነሣ፤ ጅራቱን ወዘወዘ፤ የሚደበድበው ቆርቆሮ ግን አልነበረም። የያዝሁትን ዳቦ ሳይነካ በመጀመሪያ እጄን ላሰ። ቂም አልያዘብኝም። ቂም ቢይዝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

በዚያ ቀንም አልወሰድሁትም። ቦታ እስካገኝለት ብዬ ለሦስት እሑድ ዳቦና አጥንት ይዤ ተመላለስሁ። በአራተኛው እሑድ፥ ነሐሴ በገባ ሰሞን፥ ድንጋዩ ባዶውን ነበር። የግንባታው ዘበኛ፥ አሮጌ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌ፥ ከቆርቆሮ ጎጇቸው ወጥተው «ጌታዬ፥ ያ ቡላ ውሻ የእርስዎ ነበር?» አሉኝ። ሌሊት ሌሊት ከጎጇቸው እየገባ አብሯቸው ያድር እንደ ነበረ፥ ከእንጀራቸውም ያካፍሉት እንደ ነበረ፥ ማክሰኞ ማለዳ ግን ከድንጋዩ ላይ ሞቶ እንዳገኙትና ጅብ እንዳይጎትተው ጕድጓድ ቈፍረው እንደ ቀበሩት ነገሩኝ። ከዚያም «ስሙ ማን ነበር? እኔ ዝም ብዬ ቡላ ነበር የምለው» አሉ። ያን ስም በዚያ ስፍራ በአፌ መጥራት እንደ ምን እንደ ከበደኝ ልገልጸው አልችልም። በመጨረሻ ነገርኋቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «መልካም ስም ነው» አሉና ወደ ጎጇቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሰውና ውሻ ስላላቸው ወዳጅነት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። በጀርመን አገር፥ በቦን ከተማ፥ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ በ1914 ዓ. ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች አንድ መቃብር አገኙ። በውስጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ ከእነርሱም ጋር የሰባት ወር ያህል ዕድሜ የነበረው ቡችላ ተቀብረው ነበር። መቃብሩ 14,000 ዓመት ያህል ያስቈጠረ ነው። የቡችላውን ጥርስ የመረመሩ ሊቃውንት በጽኑ ደዌ ለሳምንታት መታመሙን፥ ሰዎች ባያስታምሙት ኖሮ ያን ያህል ሊሰነብት እንደማይችል ተረድተዋል። የታመመ ቡችላ አያድንም፤ አይጠብቅም፤ ምንም አይጠቅምም። ሰዎቹ ግን፥ እርሻ እንኳ በማያውቁበት ዘመን፥ አስታመሙት። እኔ ያስተማረኝን መንግሥት፥ የቀጠረኝን ትምህርት ቤት፥ የማነብበውን መጽሐፍ ሁሉ ይዤ ያን ማድረግ ተሳነኝ። ከእነዚያ ሰዎች ጋር የሚቀራረቡት የቆርቆሮ ጎጆ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው።

በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻው እንደ ተከተለው ተጽፏል፤ ሲመለስም አብሮት ነበር። መልአክ የሚመራው ጕዞ እንኳ ለውሻ ስፍራ አላጣም። ለእኔ ግን አንድ የጭነት መኪና ጠበበኝ።

ልጄ አሁን አድጋለች፤ ዩኒቨርሲቲም ጨርሳለች። ለብዙ ዓመት «ለሰው ሰጠነው» ስላት ከኖርሁ በኋላ ባለፈው ዓመት እውነቱን ነገርኋት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። «አባዬ፥ በመኪናው ውስጥ ነገ ስትለኝ ውሸት መሆኑን ያን ጊዜም ዐውቄ ነበር» አለችኝ፤ «ያለቀስሁት ለእርሱ ብቻ አልነበረም»። ልጅ አባቱ ቃሉን ሲያጥፍ መጀመሪያ የሚያየው በትልቅ ነገር ላይ ይመስለን ይሆናል፤ የእኔ ልጅ ያየችው በውሻ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህን የሚያነብ የቤተ ሰብ አባት፥ ልጆቹ ቡችላ እናምጣ ብለው በለመኑት ጊዜ እንዲህ ብሎ እንዲያስብ እለምነዋለሁ፤ ይህ ፍጥረት ከዐሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ያስፈልገዋል፤ ቤት ስንለውጥም እርሱን የሚያስተናግድ ስፍራ ማሰናዳት ይኖርብናል። ይህን ሊያደርግ የማይችል ሰው ከመጀመሪያው እንቢ ቢል ይሻላል፤ ልጆቹ አንድ ቀን አልቅሰው ይረሱታልና። ያመጣው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ይያዝ። አባቴ ስሙን ያወጡለት ለሰው መልእክት ብለው ነበር፤ መልእክቱ ለእኔም ጭምር እንደ ነበረ የተረዳሁት ከባዶው ድንጋይ ፊት ቆሜ ነው።