ድርቆሽ ስላችሁ የእንጀራው እንዳይመስላችሁ

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ዛሬ ወሬው ስለ ድርቆሽ ነው፤ እናቶቻችን በሻንጣ የሚልኩልንን ሳይሆን የሱሉልታውን፣ የከብቱን።

ለልጄ ልደት ሁለት ግልገል የአንጎራ ጥንቸሎች ቤታችን ገብተዋል። አንጎራ ስሙን ያገኘው ከቱርኳ አንካራ ነው። እንደ ተባዘተ ጥጥ ነው፤ ፊቱ የት እንዳለ ለማወቅ ጆሮውን መፈለግ አለባችሁ። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ፎቶውን ባሳይ አንዱ «ይበላል እንዴ?» አለኝ። «ዘሌዋውያንን አንብብ» አልኩት። ሌላው ግን በቁም ነገር ያዘኝ። «አገር ቤት ለላሙ ሳር መግዣ ያጣ ገበሬ አለ፤ አንተ ለጥንቸል በዶላር ድርቆሽ ትገዛለህ?»

ጥያቄው ያማል። ወንድሜ ለላሞቹ ሲጠይቀኝ እልካለሁ፣ አልቆጥብም። ግን በር ዘግተህ ያስቀመጥከው እንስሳ ራሱ ወጥቶ አይግጥም። የሰጠኸውን ነው የሚበላው፤ የተሳሳተ ከሰጠኸው ይሞታል።

የምለውን አይቼዋለሁ። ባለፈው ዓመት የአንድ ባልደረባችን ልጆች አንጎራ ነበረቻቸው። ካሮትና ያ ቀይ አረንጓዴ ፍሬ የተቀላቀለበት የሱቅ መኖ ነበር ምግቧ። አንድ ቀን መብላት አቆመች፣ ልጆቹ «ደክሟት ነው» አሉ፣ በማግስቱ አለቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥንቸል ራሷን ስትልስ ጠጉር ትውጣለች። የአንጎራ ጠጉር ደግሞ በወር ወደ አንድ ኢንች ያድጋል። ድመት ብትሆን ታስመልሰው ነበር፤ ጥንቸል ግን ማስመለስ አትችልም። የገባው ሁሉ በአንጀት በኩል መውጣት አለበት፤ አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የድርቆሹ ጭረት ነው። ስለዚህ ድርቆሽ ቀንም ሌትም ከፊቷ አይጠፋም። እንክብሉ መኖ ተጨማሪ ነው፤ ጠጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ስለሆነ ለአንጎራ ከ16 እስከ 18 በመቶ ፕሮቲን ያለው ይመረጣል። ካሮት ስኳር ነው፣ አልፎ አልፎ ቁራሽ ይበቃል። ያ ባለ ቀለሙ ከረጢት የተሠራው ለገዢው ዓይን ነው ባይ ነኝ።

ግማሾቻችሁ «ጭድስ?» ትላላችሁ። ጭድ እህሉ የተወቃበት አገዳ ነው፤ እዚህ የሚሸጠው ለመኝታ ነው፣ ምግብ አይሆናትም።

ድርቆሽም ዓይነት አለው። ኔቫዳ የአልፋልፋ አገር ናት፤ ተራራውን ተሻግራችሁ ወደ ፓራምፕና አማርጎሳ ብትነዱ በረሃው መሃል አረንጓዴ እርሻ ታያላችሁ። አልፋልፋ ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ብዙ ነው፤ ለግልገል ጥሩ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ግን ትርፉ ካልሲየም በሽንት ስለሚወጣ አሸዋና ጠጠር ይሆንባታል። ያኔ ሳር ያስፈልጋል። የታወቀው ቲሞቲ ነው፤ ስሙ የጳውሎስ ደቀ መዝሙር ቢመስልም ቲሞቲ ሃንሰን ከሚባል አሜሪካዊ ገበሬ የመጣ ነው። ጥሩው ከዋሽንግተን ስቴት፣ ከኤለንስበርግ አካባቢ ይመጣል። የሲያትል ታክሲ ነጂዎች፣ ጎረቤታችሁ ነው!

እኔ ትንንሹን ከረጢት ትቼ ሙሉ እስር ከመኖ ሱቅ ነው የምገዛው፤ በኪሎ ሲሰላ በጣም ይረክሳል። ሻጩ እስሩን ሲከፍትልኝ እጄን እስከ ክርን አስገብቼ አሸተዋለሁ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚገዛው። አረንጓዴ ሆኖ የሻይ ቅጠል ሽታ ካለው ይጫናል፤ አቧራ ካስነሳ ወይም ሻጋታ ከሸተተ ለሌላ ሰው።

ሙቀቱን አትርሱ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 ቬጋስ 120 ፋራናይት ገብቶ ነበር። ጥንቸል ከ85 በላይ ይከብዳታል፤ ያ ሁሉ ሱፍ ለብሳማ ጋራዥ ውስጥ አትታሰብም። የኛዎቹ ሳሎን ናቸው፤ ኤሲው ለነሱ ሲሠራ እኔም እተርፋለሁ። ሲሞቃት መብላት ትቀንሳለች፤ መብላት ካቆመች ደግሞ እስከ ነገ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ነው።

አሁን አምስት ወር አልፏቸዋል። ልጄ በየቀኑ ከአልፋልፋው አንድ እፍኝ ቀንሳ በቲሞቲ ትተካለች፤ በአንዴ ከተቀየረ ሆዳቸው ይታወካል። ግማሽ እስር አልፋልፋ ይተርፈናል። ፍየል ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወደ ፓራምፕ ሰው ሳደርስ ይዤው እመጣለሁ።