ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር በሞተር ብስክሌት
ለባልና ለሚስት የሚሆን ሞተር እንዴት ይመረጣል?

ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሻጩን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይሮጣል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ በከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ጎልማሳ በቂ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፈቃድ ወጥቶ፣ ባለቤቱን ከኋላው አስቀምጦ፣ ጓዙን ጭኖ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ወታደር ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። ይኸውም መንገዱ ምን ዓይነት ነው? ሸክሙ ምን ያህል ነው? ሞተሩ ቢበላሽስ ማን ይጠግነዋል? የሚል ነው። እኛም ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የሚደርሰውን 525 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ምሳሌ አድርገን፣ እያንዳንዱ የመንገዱ ክፍል ከሞተሩና ከተሳፋሪዎቹ ምን እንደሚፈልግ ለውድ አንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንሞክራለን።

በዚህ መንገድ የተጓዝነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ አልፎ መስኩ አረንጓዴ በሆነበት በጥቅምት ወር፣ ባልና ሚስት ሆነን ነው። ሞተራችን ከሰው እጅ የተገዛ፣ ባለ 250 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ነበር። የተገዛበትም ገንዘብ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ወጪ እየተቀነሰ የተጠራቀመ ስለ ነበር፣ ምርጫው የአንዳችን ብቻ ሊሆን አልቻለም። አንደኛችን ትልቁንና ባለ ሁለት ሲሊንደሩን ሞተር ሲመኝ፣ ሁለተኛችን የኋላ መቀመጫውን በእጇ ደባብሳ «በዚህ ላይ ስንት ሰዓት መቀመጥ ይቻላል?» ስትል ጠየቀች። ትልቁ ሞተር በእርግጥ ኃይል ነበረው፤ ነገር ግን ቢወድቅ ለሁለት ሰው እንኳ የሚያነሣው አልነበረም፤ መለዋወጫውም በየከተማው አይገኝም። ትንሹን ግን በመንገድ ዳር ያለ ማንኛውም መካኒክ ሊፈታው ይችላል። ስለዚህ ትንሹን ገዝተን፣ የተረፈውን ገንዘብ ለመንገዱ እንዲሆን አድርጎ ለማደስ አዋልነው።

እድሳቱ አራት ነገሮችን የያዘ ነበር። በመጀመሪያ ኮርቻው በወፍራም ስፖንጅ እንደገና ተሠራ፤ ከኋላ የምትቀመጠው ሰው የምትይዘው ብረትም ተበየደለት። ሁለተኛ፣ ከመሪው ፊት አነስተኛ የንፋስ መከላከያ ተተከለ። ሦስተኛ፣ ከኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው የሚንጠለጠሉ ሁለት የሸራ ከረጢቶች ተገጠሙ። አራተኛ፣ ካቴናውን ከሞተሩ በኩል የሚነዳው ጥርሳም መዘውር ከ15 ጥርስ ወደ 14 ጥርስ ተለወጠ። የእነዚህ ሁሉ ምክንያት በየመንገዱ እንደሚከተለው ይታያል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር ቀላቅሎ ስለ ሆነ፣ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። በወረቀት ላይ 20 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ 16 እንኳ አይሞላም። ካርቡራተር ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ቤንዚኑ ለስሱ አየር ስለሚበዛበት ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ይህን ለማስተካከል አንዳንድ ሰዎች በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጂግለር በጠባብ ያስለውጣሉ። ከከተማ ለማይወጣ ሰው ይህ መልካም ነው። ቁልቁል ለሚወርድ ግን አደጋ አለው። በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ አልፈን አዳማ ስንደርስ፣ ከዚያም ወለንጪቲን ትተን ወደ መተሐራ ስንቃረብ፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ወርዷል። አየሩ እዚያ ወፍራም ነውና፣ ለአዲስ አበባ የጠበበው ጂግለር በቂ ቤንዚን አይሰጥም፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስቶኑም ሊነክስ ይችላል። ስለሆነም ሞተሩ ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን ጂግለር አልነካንም። አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ጥላሸት መታገሥ መተሐራ ላይ ሞተር ከማቃጠል ይሻላል። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ቀለሙ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ሁሉም ደኅና ነው፤ ከነጣ ግን ሞተሩ ከልክ በላይ መጋሉን ያመለክታልና ቆም ማለት ይገባል።

በመተሐራ የፈንታሌ ተራራ በአንድ ወገን ቆሞ፣ የበሰቃ ሐይቅም ከመንገዱ አጠገብ ጨዋማ ውኃውን ዘርግቶ ይታያል። ይህ ሐይቅ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ እየሰፋ ሄዶ አውራ ጎዳናውንና የባቡሩን ሐዲድ ሲፈታተን የቆየ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ብርቱ ነው። የነፋስ ግፊት የሚያድገው እንደ ፍጥነቱ ልክ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መከላከያ የሌለው ነጂ ቀኑን ሙሉ መሪውን እንደ ገመድ ሲጎትት ውሎ ክንዱ ይዝላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ቢ.ኤም.ደብልዩ «አር 100 አር.ኤስ.» የተባለውን ሞተር ሙሉ የንፋስ መከላከያ አልብሶ ለገበያ ያቀረበው ይህንኑ ድካም ለማቃለል ነበር። በትንሹ ሞተር ላይ ግን ደረትን የሚጋርድ ትንሽ መከላከያ ይበቃል፤ ትልቅ ቢሆን የጎን ነፋስ እንደ ሸራ ይይዘዋል።

ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ቤንዚን ሞላን። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰርባቶዮው 10 ሊትር ይይዛል፤ ሁለት ሰው ጭኖ በ100 ኪሎ ሜትር 4 ሊትር ቢፈጅ 250 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ከዚህም 50ውን ለመጠባበቂያ መተው ይገባልና፣ በየ200 ኪሎ ሜትሩ ሳይዘገዩ መሙላት ግድ ነው፤ ስለዚህ ቀደም ብለን በአዳማ ሞልተን ነበር። ከአዋሽ ወዲያ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱት ከባድ ተሽከርካሪዎች በሚሌ አቅጣጫ ሲለዩ፣ የሐረር መንገድ ወደ ምሥራቅ ይቀጥላል። እስከ ሚኤሶ ድረስ ግመሎችና ፍየሎች አስፋልቱን ያቋርጣሉ። ግመል በሌሊት የመኪና መብራት ዓይኑ ላይ ካላረፈ በቀር አይታይምና፣ በዚህ ስፍራ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መጓዝ ፈጽሞ አይመከርም። እኛም ገና በቀን ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ማለትም ወደ ጭሮ፣ ደርሰን አደርን።

ከሚኤሶ ጀምሮ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። የ14 ጥርሱ መዘውር ዋጋ የታወቀው በዚህ ነው። የሞተሩን የመጨረሻ ፍጥነት ጥቂት ይቀንሳል፤ ግን ጉልበቱን 7 በመቶ ያህል ለጎማው ስለሚጨምር፣ ሁለት ሰው ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ፍሪሲዮኑ አይቃጠልም። በቁልቁለቱም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ፍሬኑን ከመጋል ያድነዋል። በጠመዝማዛው ላይ ደግሞ የጓዙ አቀማመጥ ይፈተናል። ከባድ ዕቃ ከኋላው ጎማ አልፎ ከፍ ብሎ ከታሰረ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ መሪውም ይዋዥቃል። ስለዚህ የመፍቻውንና የትርፍ ከነመዳሪውን ከረጢት ዝቅ አድርገን ወደ መካከል አስጠጋነው፤ ከላይ ያሰርነው ጋቢና ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። ካቴናውን የምንለካውም ሁለታችን ተቀምጠን ሳለን ነው፤ ባዶውን ልክ የሆነ ካቴና ሰው ሲቀመጥበት ሊወጠር ይችላልና።

በዚህ አጋጣሚ ሞተርን ለሩቅ መንገድ ስለ ማደስ ሲወራ የአዲስ አበባው ተወላጅ ፈረንሳዊ ኡበር ኦርዮል ሊነሣ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1952 በአዲስ አበባ የተወለደው ይህ ሰው በ1981 እና በ1983 የፓሪስ–ዳካርን ውድድር በቢ.ኤም.ደብልዩ ሞተር አሸንፏል። ፋብሪካውም ከዚህ ውድድር ትምህርት ወስዶ፣ በ1984 ባለ 32 ሊትር ሰርባቶዮ ያለው ሞተር አወጣ። ነገር ግን ያ ሞተር የተሠራው ለአንድ ሰው ነበር፤ የሁለተኛው ሰው ቦታ ለዕቃ መጫኛ ተሰጥቷል። ለበረሃ ተወዳዳሪ የሚበጀው ለባለ ትዳር የማይበጅበት ጊዜ እንዳለ ከዚህ ይታያል።

በማግሥቱ በሂርና፣ በጨለንቆና በቁልቢ አለፍን። ጠዋት ጉሙ ከጫቱና ከማሽላው ማሳ ላይ ገና አልተነሣም ነበር፤ ብርዱም እንደ መተሐራ ሙቀት ያህል ያደክማል። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ብርዱ ከነጂው ቀድሞ ይሰማል፤ እግሩም ቀድሞ ይደነዝዛል። እኛ አስቀድመን የተስማማንበት ምልክት ነበረን። ትከሻን አንድ ጊዜ መታ ማድረግ «ቀስ በል»፣ ሁለት ጊዜ መታ ማድረግ «ቁም» ማለት ነው። ነጂውም «ጥቂት ቀረን» ብሎ መከራከር አይፈቀድለትም። ከጭሮ እስከ ደንገጎ ሦስት ጊዜ የቆምነው በዚህ ምልክት ነው። በአንደኛው ጊዜ እግር ለማፍታታት ወርደን ሳለ የኋላው ጎማ ሚስማር መዋጡን አየን፤ ነፋሱ ገና መውጣት ጀምሮ ነበር። በቁልቁለቱ ላይ ጎማው ቢተነፍስ ኖሮ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከነመዳሪውን በግማሽ ሰዓት ለውጠን መንገዳችንን ቀጠልን።

ከደንገጎ ግራው ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ እኛ ቀኙን ይዘን በሐረማያ በኩል፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ወዳሉት ወደ ጀጎል ግንብ ደረስን።

እንግዲህ ሞተር ልትገዙ ገበያ የምትወጡ ወንድሞቻችን ሆይ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ባለቤቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለታችሁም ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩበት። ከዋጋውም ላይ አስቀድማችሁ የሁለት የራስ ቁር ሒሳብ ቀንሱ። እናንተም እኅቶቻችን፣ «እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ» አትበሉ፤ የኋላው ጎማ ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ለእናንተ ነው። መልካም መንገድ ይሁንላችሁ!