ኪስ ውስጥ የሚገባ ሲስተም

እ.ኤ.አ. በ1870 ግሬት ኢስተርን የተባለችው፣ በዘመኗ አቻ ያልነበራት ግዙፍ መርከብ ከቦምቤይ ተነሥታ በውቅያኖሱ ወለል ላይ የቴሌግራፍ ገመድ እየዘረጋች ኤደን ደረሰች። ገመዱ ከኤደን ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ ስዊዝ ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ለንደንና ሕንድ በባሕር ገመድ የሚነጋገሩት በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተቆረቆረችው በዚህች የየመን የወደብ ከተማ በኩል ሆነ። ዛሬም እስያን፣ አፍሪካንና አውሮፓን የሚያያይዘው፣ 25 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ኤኤኢ-1 የተባለ የፋይበር ገመድ ከሚወጣባቸው ዳርቻዎች አንዷ ኤደን ናት። መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የዓለም ወሬ በደጇ ሲያልፍ የኖረች ከተማ ግን ለራሷ ልጆች ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሲስተም በወጉ ማውረድ ተስኗት ቆይታለች።

ምክንያቱ የየመን ጦርነት ነው። የየመን ዋናው የኢንተርኔት በር ያለው ሰነዓ ውስጥ ነው፤ ሁቲ የተባሉት አማፅያን እ.ኤ.አ. በ2014 ሰነዓን ሲይዙ በሩም በእጃቸው ገባ። ኤደንን መቀመጫው ያደረገው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ኤደን ኔት የተባለ የራሱን የፎርጂ አገልግሎት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ፋልኮን የተባለው የባሕር ገመድ ስዊዝ አካባቢ ሲቆረጥ የመን 80 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የኢንተርኔት አቅሟን በአንድ ጊዜ አጣች፤ ጥገናውም ሳምንታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ገመዶች ተበጠሱ፤ አንዱ ይኸው ኤደን ላይ የሚወጣው ኤኤኢ-1 ነበር። በሚሳይል ተመትታ መልሕቋን እየጎተተች የተንሳፈፈችው ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ሳትቆርጣቸው እንዳልቀረች ይታመናል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ስታርሊንክ በየመን በይፋ ሥራ ጀመረ። የሳተላይቱን ሳህን ገዝቶ በየወሩ መክፈል ለሚችል ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለማይችለው ግን ያው የቀድሞው ነው።

በዚህ ላይ መብራቱ አለ። በሞቃቱ ወራት ኤደን ውስጥ መብራት በቀን ከአሥር ሰዓት በላይ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ አሥር አሮጌ ኮምፒውተሮች የተለገሱትን ትንሽ ማሠልጠኛ ቤት ማሰብ ይቻላል። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር 3 ጊጋባይት የሚመዝን የሊኑክስ መጫኛ ለማውረድ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥ፣ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያስፈልጋል። ከዚያ ደግሞ አፕዴቱ፣ የቢሮ ፕሮግራሙ፣ የፕሪንተር ድራይቨሩ፣ ፎንቱ አለ፤ ይህ ሁሉ በየኮምፒውተሩ ሊደገም ነው። ያው 3 ጊጋባይት በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ከሚያነብ ተራ ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ ግን 100 ሴኮንድ ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር በደንብ ተዘጋጅቶ ሌሎቹ ከእሱ በፍላሽ ቢባዙ፣ በጀት ሲያጥር ብቻ የሚወሰድ አማራጭ ተደርጎ መታየት የለበትም። ለእንዲህ ያለ ቦታ ትክክለኛው አሠራር እሱ ነው፤ እርሾ ከጎረቤት ተወስዶ የሁሉም ቤት እንጀራ እንደሚጋገር ማለት ነው።

ቅጂ ማውጣት ራሱ ለኮምፒውተር ጠጋኝ አዲስ ነገር አይደለም። ኒውዚላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራውና ከሦስት ዓመት በኋላ ሲማንቴክ የገዛው ጎስት የተባለ ፕሮግራም፣ አንድ ዊንዶውስ አሰናድቶ በብዙ ኮምፒውተር ላይ ለመገልበጥ በዓለም ዙሪያ ሲያገለግል ኖሯል። የዊንዶውስ ቅጂ ግን ሁለት ጣጣ ነበረበት። አንደኛ፣ ማዘርቦርዱ ከተለየ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ይቆማል። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ለአንድ ኮምፒውተር የተሰጠ ስለሆነ የተገለበጠው ሁሉ ክራክ ይፈልጋል፤ ክራክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይገባል።

ሊኑክስ ሁለቱንም ያቀልላል። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል የአብዛኛውን ዕቃ ድራይቨር አብሮት ስለሚይዝ፣ ዴል ላይ የተበጀ ሲስተም ኤችፒ ላይ ሲነሣ የገጠመውን ዕቃ በየጊዜው እየለየ ይቀጥላል። የሚያስቸግሩ አሉ፤ አንዳንድ የኤንቪዲያ ካርዶችና የብሮድኮም ዋይፋይ የየራሳቸውን ድራይቨር ይጠይቃሉ። ፈቃዱን በተመለከተ ደግሞ ከርነሉ የወጣበት የጂፒኤል ውል መገልበጥን፣ ማሻሻልንና ማከፋፈልን በግልጽ ይፈቅዳል። ፕሮግራሙን አባዝቶ የሚሰጥ ሰው የምንጭ ኮዱን እንዳይነፍግ ግን ያስገድዳል። ለየመናዊ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካርድ ይዞ ከውጭ ፈቃድ መግዛት ለማይችል ሰው በእጁ ያለው ሲስተም በሙሉ በሕግ የእሱ ሊሆን የሚችልበት መንገድ ይኸው ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ካቆመ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ጤነኛ ላፕቶፖች የትም ሞልተዋል። ወደ ድሀ አገር በልገሳ ሊመጡ የሚችሉትም እነሱ ናቸው።

ሊኑክስ መጫን ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዕድሜ የሚበላው ማበጀቱ ነው። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ በሥርዓቱ እንዲሄድ፣ በአንድ ቁልፍ ከእንግሊዝኛ ወደ ዐረብኛ እንዲቀየር፣ አሮጌው ፕሪንተር እንዲሠራ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ እንዳይንቀራፈፍ ቀላል ዴስክቶፕ መምረጥ፤ ይህ የቀናት ልፋት ነው። ኤደን ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከሆነ ደግሞ አማርኛው ይጨመራል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለተካተተ፣ ዛሬ የአቢሲኒካ ፎንትንና አይባስ የተባለውን የጽሕፈት ሥርዓት ከአማርኛ አጻጻፍ ዘዴው ጋር መጫን በቂ ነው፤ በላቲን ቁልፎች «ሰላም» ተብሎ ይጻፋል። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም የዐረብኛም የአማርኛም ዊኪፒዲያ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ አድርጎ አብሮ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ ሰው አንዴ የለፋበት ይህ ሁሉ ነገር እንዳለ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መሻገሩ ነው የሥራው ቁም ነገር።

ሲስተምን በፍላሽ ማባዛትን ኢትዮጵያም ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በተባለው ፕሮጀክት አማካይነት 5 ሺህ ገደማ አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፖች ወደ ትምህርት ቤቶች ገብተው ነበር። በፌዶራ ሊኑክስ ላይ የተሠሩ፣ 256 ሜጋባይት ራምና 1 ጊጋባይት ማከማቻ ብቻ ያላቸው፣ የአማርኛ ፊደል ቁልፍ የተዘጋጀላቸው ነበሩ። መሐንዲሶቹ ከመነሻው በቂ ኢንተርኔት እንደማይኖር አስበው ስለነበር፣ ላፕቶፑ ፍላሽ ተሰክቶበት፣ ስክሪኑ አጠገብ ያሉት የጨዋታ ቁልፎች ተጭነው ሲበራ ሲስተሙን በሙሉ ከፍላሹ ላይ ያድስ ነበር። ለአንድ ትምህርት ቤት የተመረጡትን ፕሮግራሞች በየላፕቶፑ የሚጨምር ሌላ ፍላሽም ነበር። የፕሮጀክቱ ውጤት ብዙ አከራክሯል፤ ይህ ክፍሉ ግን አርቆ አስተዋይነት ነበረው።

ዛሬ የማባዛቱ ሥራ የሚሠራው በሦስት ዓይነት መንገድ ነው። ጥንታዊው፣ ከዩኒክስ ዘመን የመጣው ዲዲ የተባለው ትእዛዝ ነው። ዲስኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ባዶውን ቦታ ሳይቀር፣ ይገለብጣል። ምንጭና መድረሻ ከተምታቱ ያለ ምንም ጥያቄ የተሠራውን ሲስተም ያጠፋዋል፤ ስለዚህ የዲስኩን ስም ሁለት ጊዜ ሳያዩ ትእዛዙን መስጠት አይገባም። ታይዋን ውስጥ የተሠራው ክሎንዚላ የተሻለ ነው። ፍላሽ ላይ ሆኖ ይነሣና ፋይል ያለበትን የዲስክ ክፍል ብቻ ለይቶ፣ አጭቆ፣ በሌላ ዲስክ ወይም ትልቅ ፍላሽ ላይ ያስቀምጣል። መጠኑም በዚሁ ይቀንሳል። ደንቡ መድረሻው ዲስክ ከምንጩ እንዳያንስ ነው፤ 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ የተሠራውን 240 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ለማውረድ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ፓርቲሽኑን ማጥበብ አለበት።

ሦስተኛው ሲስተሙን ራሱን ወደ መጫኛነት መቀየር ነው። ኤምኤክስ ሊኑክስ ከተባለው የሊኑክስ ዓይነት ጋር ስናፕሾት የተባለ መሣሪያ አብሮ ይመጣል። የተበጀውን ሲስተም እንዳለ ወደ አንድ ፋይል ይጠቀልለዋል፤ ፋይሉ ፍላሽ ላይ ሲጻፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ መሞከር፣ ከተስማማም መጫን ይቻላል። ሲስተሙን የሚይዝ እስከሆነ ድረስ የዲስኩ መጠን አያስጨንቅም። ለኤደን ማሠልጠኛ ቤት የሚመረጠው ይህ ነው። አንዱ ምክንያት ተማሪው ከመጫኑ በፊት ማየት መቻሉ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል፦ መሣሪያው ፋይሉን ከማዘጋጀቱ በፊት፣ የተጠቃሚው አካውንት ከነፋይሎቹ ይያዝ ወይስ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ተደርጎ ይጽዳ ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ጥያቄ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ያልጸዳ ቅጂ የባለቤቱን የዋይፋይ ፓስወርድ፣ ብሮውዘሩ ያስታወሰውን የኢሜይል መግቢያ፣ የጎበኛቸውን ገጾች ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ከተማዋ በጦርነት ያለፈች፣ ሰው የማን ወገን ነው ተብሎ የሚጠረጠርባት ናት፤ እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ ሰው ታሪክ በአሥር ፍላሽ መባዛቱ ሰው ላይ አደጋ ያመጣል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ሊኑክስ ሲጫን የሚፈጥረው የማሽን መለያ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሳይቀየር የተገለበጡ ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ኔትወርክ ላይ ሲገናኙ አንድ ዓይነት አድራሻ ሊሰጣቸውና ተራ በተራ ከመስመር ሊወጡ ይችላሉ። ጠጋኙ ራውተሩን ሲወቅስ ይውላል። ኮምፒውተርን ከርቀት ለመቆጣጠር የሚያገለግሉት የኤስኤስኤች ቁልፎችም እንዲሁ አንድ ከሆኑ፣ የአንዱን ኮምፒውተር ቁልፍ ያገኘ ሰው በሌሎቹ ስም መቅረብ ይችላል። መለያ ቁጥሩን አጥፍቶ አዲስ እንዲፈጠር ማድረግ፣ የኤስኤስኤች ቁልፎቹን እንደገና ማውጣትና የኮምፒውተሩን ስም መቀየር አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ቅጂ የሚያከፋፍል ሰው ይህን የመሥራት ግዴታ አለበት።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። በአዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ፣ ሲስተሙ ከየት እንደሚነሣ የሚናገረው መዝገብ የተቀመጠው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ስለዚህ በዲስክ ቅጂ የተሠራ ኮምፒውተር ሁሉ ነገር ተሟልቶለት «የሚነሣ ዲስክ የለም» ሊል ይችላል። ቅጂው አልተበላሸም። ከላይቭ ፍላሽ ተነሥቶ ግረብ የተባለውን ማስነሻ እንደገና መጫን ይፈታዋል። መብራቱ እንደሚጠፋ ታውቆ ሥራው በዴስክቶፕ ሳይሆን ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ላይ መሠራት አለበት፤ መሃል ላይ የተቋረጠ ግልበጣ የሚተወው ያለቀ የሚመስል ግን ያላለቀ ዲስክ ነው። ፍላሹ ከመነቀሉ በፊትም የተጻፈው ከዋናው ጋር መመሳሰሉ ይረጋገጥ፤ ገበያ ላይ 64 ጊጋባይት ነኝ የሚል፣ እውነተኛ አቅሙ ግን ከዚያ በጣም የሚያንስ ሐሰተኛ ፍላሽ ብዙ ነው።

የሚቀረው አፕዴቱ ነው። የተባዙት አሥር ኮምፒውተሮች ሁሉ ከተገለበጡበት ቀን ጀምሮ ያረጃሉ፤ የደኅንነት ቀዳዳዎቻቸውም አንድ ዓይነት ናቸው። ለዚህም ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነትና ኤምኤክስን የመሰሉ ዘመዶቹ አፕት-ኦፍላይን የተባለ መላ አላቸው። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች ዝርዝር ፍላሽ ላይ ይጽፋል። ፍላሹ ስታርሊንክ ወዳለበት ቢሮ ወይም የኤደን ኔት ሞደም ወዳለው ጓደኛ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ዝርዝሩን አንብቦ ፓኬጆቹን ያወርዳል፤ ፍላሹም ተመልሶ ይመጣል። አሥሩ ኮምፒውተሮች ከአንድ ቅጂ የወጡ በመሆናቸው፣ ማንም በየግሉ ሌላ ነገር እስካልጨመረባቸው ድረስ፣ ለአንዱ የመጣው ፓኬጅ ለዘጠኙም ይሆናል። የፓኬጆቹ ዝርዝር ከነማረጋገጫ ቁጥሮቻቸው በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ስለሆነ፣ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ነካክቷቸው እንደሆነ ኮምፒውተሩ ከመጫኑ በፊት ራሱ ይለየዋል።