ነገ እንዳትመጪ

እናቴ እኛን ያሳደገችው በርበሬ በረንዳ ዛላ በርበሬ እየቀነጠሰች ነው። ከማረቆ የመጣው ጆንያ ይዘረገፋል፤ ሴቶቹ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ እኛ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ገና ከመንገዱ ማዶ እናስነጥሳለን። ማታ እጇን ቅቤ ትቀባለች፤ ያም ሆኖ ጣቶቿ ሲያቃጥሏት ያድራሉ።

አንድ ቅዳሜ ባለሱቁ በሚዛን ጉዳይ ተቆጥቶ «ሒሳብሽን ተቀበዪ፣ ነገ እንዳትመጪ» አላት። በቃ፣ ማባረር ማለት ይኸው ነበር። ግን ቃሉን የተናገረው ሰው ቤቱም ደጁም ይታወቃል። እሑድ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ሄዱ፤ «እንደ እኅት ተቆጣት እንጂ እንጀራዋን አትዝጋ» አሉት። ሰኞ ጠዋት እናቴ ቦታዋ ላይ ነበረች።

አምና የእኅቴ ልጅ አራት ዓመት ከሠራበት የግል ድርጅት በቅነሳ ወጣ። በኢሜይል የደረሰው ደብዳቤ «የሥራ ውል መቋረጥን ስለማሳወቅ» ይላል፤ ግርጌው ላይ ማኅተምና የማይነበብ ፊርማ። ጓደኞቹ «ተርሚኔት ተደረገ» አሉ፤ ሌሎቹ «ሌይ ኦፍ ነው» አሉ። እናቴ አልገባትም። «ምን አደረጉህ ልጄ?» ስትለው «አባረሩኝ» አላት፤ ያኔ አለቀሰች። ቀጥላም «ማንን እንላክ?» አለች። ሽማግሌ የሚላክበት ደጅ አልነበረም።

ሕጉ በዚህ ጊዜ የሚከፈለውን «የሥራ ስንብት ክፍያ» ይለዋል። እኛ እንግዳ ስናሰናብት እስከ በር እንሸኛለን፤ ያን ልጅ ማንም አልሸኘውም።

ሆኖም እናቴ ያላገኘችውን አግኝቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶታል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያን ሲሶ አስቦለታል። በእናቴ ዘመን ሽማግሌ የሚላከው ዘመድ ወይም ጎረቤት ላለው ነበር። ከገጠር በዚያው ሰሞን የመጣች ልጅ «አትምጪ» ከተባለች ቀረች፤ እንዲህ የቀሩ አውቃለሁ።

በቅርቡ በረንዳው ላይ ያገኘኋት ቀንጣሽ ዛሬም የምትሠራው በቀን ሒሳብ ነው፤ በስሟ የተጻፈ ወረቀት አይታ አታውቅም። አዋጁ ግን ውሉ በጽሑፍ ባይሆን እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ጽሑፍ እንዲሰጣት ያዛል። በረንዳው ላይ የምትነግዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ያቺን ወረቀት ስጧት። ማሰናበት ግድ ከሆነም ፊቷን እያያችሁ ንገሯት።