ሻዎሺንግ በሉ ሹን ገጾች

ደቡብ ቻይናን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሉ ሹንን ካነበበ፣ በቦይ የተከፋፈለችው የሻዎሺንግ ከተማ እንግዳ አትሆንበትም። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1881 የተወለደው እዚያው ነው።

በ1919 በታተመው አጭር ልቦለዱ «ኮንግ ዪጂ» አንባቢው መጠጥ ቤት ይገባል። የቀን ሠራተኞች ባንኮኒው ጋ ቆመው የሞቀ የሩዝ ወይን ይጠጣሉ፤ ባለ ረጅም ቀሚሶቹ ባለጸጎች ወደ ውስጥ ዘልቀው ይቀመጣሉ። ረጅም ቀሚስ ለብሶ የሚቆመው ባለታሪኩ ኮንግ ብቻ ነው። ለልጆች አንዳንድ ፍሬ ባቄላ አድሎ፣ የቀረችው እንዳታልቅበት ሳህኑን በጣቶቹ ሲሸፍን አንጀት ይበላል።

ከዚያ ወደ ውሃው! በ1922ቱ «የመንደር ቲያትር» ልጆች በሌሊት ጀልባ እየቀዘፉ ትርኢት አይተው ይመለሳሉ፤ መንገድ ላይ ከማሳ ባቄላ ለቅመው እዚያው ጀልባዋ ላይ ይቀቅላሉ። ዛሬም በሻዎሺንግ ቦዮች ላይ ባለ ጥቁር ጣሪያ ጠባብ ጀልባዎች አሉ፤ ቀዛፊው ተቀምጦ መቅዘፊያውን በእግሩ ይገፋል።