ለአንድ ሳጥን ግማሽ መርካቶ

መርካቶን የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ዕቃውን ሳይሆን ተራውን ነው። ለሸማ ሸማ ተራ፣ ለቆርቆሮ ቆርቆሮ ተራ፣ ለመኪና መለዋወጫ ሶማሌ ተራ ይሏችኋል። «የቤዝ ሳጥን ተራ» ግን የለም። ለሙዚቃም ለፊልምም የሚሆን የሳሎን ሰብዉፈር ራሱ ሊሠራ የተነሣ ሰው ስፒከሩን ከአንዱ፣ እንጨቱን ከሌላው፣ ጎማና ሽቦውን ከሦስተኛው እየለቀመ ግማሽ መርካቶን ያያል። እኔ እንዲያውም የወደድኩት ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሲኒማ ራስ በኩል ገባን፤ ባለቤቴ፣ የ7 ዓመቱ ልጃችንና እኔ። ልጅ ይዞ መርካቶ አይገባም የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ሸክም ያለበት ሰው «መንገድ! መንገድ!» እያለ ሲመጣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግድ ነው። ግን በጠዋት ከገቡና የልጁን እጅ ካለቀቁ ይቻላል። ቦርሳ ወደ ፊት፣ ስልክ ወደ ውስጥ፣ ጫማ ጠፍጣፋ።

ከሶማሌ ተራ ብዙ ሳንርቅ የመኪና ቴፕና ስፒከር ከሚሸጡ ሱቆች አንዱ ውስጥ ገባን። ካርቶኖቹ ላይ በወርቃማ ቀለም «3000 ዋት» ተጽፏል። ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ እንዲህ ያለው ቁጥር ለምን ተልቆ እንደሚታተም አይጠፋኝም። ስፒከሩ ለቅጽበት ይሸከመዋል ተብሎ የተገመተ ጣሪያ ነው እንጂ ያለማቋረጥ የሚሠራበት ጉልበት አይደለም። መጠየቅ ያለበት «አርኤምኤስ» የሚባለው ቁጥር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ይገኛል። ጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ነጋዴው ግን መልሱን የሚሰጠው ለባለቤቴ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ በየመሐሉ «እሷን ንገራት» ይላል። ሦስተኛው «እሷን ንገራት» ላይ ነጋዴው ሳቀና ከመሳቢያው የስፒከሩን ወረቀት አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ።

እዚያ ወረቀት ላይ የምፈልጋቸው ሦስት ቁጥሮች ነበሩ። የመጀመሪያው ስፒከሩ ያለ ሳጥን በተፈጥሮው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይናገራል፤ የእኛው 28 ኸርዝ ነው። ሁለተኛው እንቅስቃሴው ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ ያሳያል፤ 0.45። ሦስተኛው የስፒከሩ ልስላሴ ከስንት ሊትር አየር ጋር እንደሚመጣጠን ነው፤ 70 ሊትር። በእነዚህ ቁጥሮች ሳጥን ማስላትን ለዓለም ያስተማሩት ኔቪል ቲል እና ሪቻርድ ስሞል ናቸው። ቲል ጽሑፉን አውስትራሊያ ውስጥ ያቀረበው በ1961 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ አስፋፋው። ከእነሱ ወዲህ ሳጥን በግምት መሥራት አያስፈልግም።

ሳጥን ለምን አስፈለገ? ስፒከር ወደ ፊት አየር ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ይስባል። ሁለቱ ካልተለያዩ ወፍራሙ ድምፅ ራሱን በራሱ ያጠፋል። ሳጥኑ የኋላውን አየር ያስራል፤ የታሰረው አየር ደግሞ ለስፒከሩ እንደ ሞላ ሆኖ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ራሷ ስሌቱ ውስጥ ትገባለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስስ አየር ደግሞ የላላ ሞላ ነው። ስለዚህ ያንኑ ድምፅ ለማግኘት እዚህ የሚሠራው ሳጥን በሩብ ማነስ አለበት። ማስላት ለሚወዱ፦ 0.707ን ለ0.45 ያካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ ያባዙ፣ 1 ይቀንሱ፣ ከዚያ 70ን ባገኙት ቁጥር ያካፍሉ። 48 ሊትር ገደማ ይመጣል። ጅቡቲ ብንኖር ሳጥናችን ይህን ያህል ይሆን ነበር። እኛ 36 ሊትር ይበቃናል። ስስ አየር ሲገፋ የሚወጣው ድምፅም ትንሽ ይቀንሳል፤ በሳሎን ደረጃ ግን የሚያሳስብ አይደለም።

የቀረው ትልቁ ውሳኔ ሳጥኑ ይታሸግ ወይስ ቱቦ ይውጣለት የሚለው ነው። ቱቦ ያለው ሳጥን የኋላውን ድምፅም ስለሚጠቀምበት ለፊልም ፍንዳታና ለዳይኖሰር እርምጃ የበለጠ ጉልበት አለው፤ መጠኑ ግን ይተልቃል። የታሸገው አነስተኛና ጠንቃቃ ነው። ለሙዚቃ ብዙ መውረድም አያስፈልግም፤ ባለ 4 ክር ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝቱ ዝቅተኛ ድምፁ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ልጄ ለዳይኖሰሮቹ ሲል ለቱቦው ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ጉዳዩን የወሰኑት ግን ከእኛ በታች ያሉት እማማ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፤ እሳቸው ቤት አራስ አለች። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። መጋረጃም ምንጣፍም አያቆመውም፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶንማ ለቤዝ ምንም አይፈይድም። የሚሠራው መፍትሔ ሳጥኑን ከሚያዳምጠው ሰው አጠገብ አድርጎ ድምፁን መቀነስ ነው። ስለዚህ ሳጥናችን የታሸገ፣ ከሶፋው ጎን የሚቆም፣ ኮመዲኖ የሚመስል እንዲሆን ተወሰነ።

አናጺው ልኬቱን አይቶ «እህቴ፣ በር የሌለው ኮመዲኖ ምን ይሠራል?» አለኝ። ስነግረው ደስ አለው፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ሚሊሜትር ላይ ከእኔ በላይ ተጨናነቀ። 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ተጠቀምን። ቺፕውድ ይረክሳል፤ ግን ብሎን ደጋግሞ ሲገባበት ይፈረፈራል። ውስጡ በየአቅጣጫው 34 ሴንቲሜትር ሆኖ ተቆረጠ፤ 39 ሊትር ይሆናል። ስፒከሩ ራሱና መሐል ላይ የገባው ማጠናከሪያ እንጨት የሚይዙት ሲቀነስ 36 ይቀራል። መገጣጠሚያው ሁሉ ኮላ፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ሲልከን ተቀባ። አየር ካፈተለከ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ውስጡን ከአሮጌ ትራስ በወጣ ፋይበር ሞላነው። መታሸጉን ለማወቅ ስፒከሩን በጣት በእርጋታ ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ታሽጓል።

እስኪቆረጥ ድረስ ምናለሽ ተራ ዞርን። ለልጄ የቀኑ ምርጥ ቦታ እዚያ ነበር። የዘይት ጣሳ ምድጃ ሲሆን፣ የመኪና ጎማ ጫማ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ በመዶሻ ሲያወራ ቆሞ አየ። ለሳጥኑ እግር የሚሆኑ አራት የጎማ ቁራጮች ገዛን። ጎማው የሳጥኑ ንዝረት ወደ ወለሉ እንዳይሄድ ይረዳል፤ በአየር የሚሄደውን ግን አያቆምም። ሻጩ «አውሮፕላን ይሸከማል» ብሎናል። ይህንን ማስታወቂያ እኔም አልጽፈውም።

አምፕሊፋየሩ ቤት ስለነበረ እሑድ ከሰዓት ሁሉም ነገር ተገጣጠመ። ሙዚቃው ላይ ቤዝ ጊታሩ አንድ በአንድ ይለያል፤ እንደ ድሮው ጉምጉምታ አይደለም። ፊልሙ ላይ ሶፋው በስሱ ይሰማዋል። ከዚያ ጉዞው አንድ ፎቅ ወደ ታች ቀጠለ።

አስቀድሜ ደውዬ ስለነበር እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። አራሷና ሕፃኗ ነቅተዋል። ባለቤቴ ላይ ሆኖ የዳይኖሰሩን ፊልም ከፈተ። ጣሪያው ዝም አለ፤ ቡፌው ውስጥ ያሉት ሲኒዎች ግን ተንጫጩ። «እሱ ነው እንዴ?» አሉ እማማ፣ ከመቆጣት ይልቅ ተገርመው። በስልክ «ቀንስ» አልኩት። ሲኒዎቹ አሁንም ይናገራሉ። «ቀንስ።» አንዷ ብቻ ቀረች። «ትንሽ።» ዝም አሉ። አራሷ ጆሮዋን ወደ ጣሪያው አድርጋ ቆየችና «አሁን ምንም የለም» አለች። ወደ ቤት ተመልሼ አምፕሊፋየሩ መቆጣጠሪያ ላይ፣ በቆመበት ቦታ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግሁ።

እማማ ሁለተኛ ነጥብ ከፍ ብሎ እንደሚጨመር ቃል ገብተውልናል፤ ከክርስትናው በኋላ። ሕፃኗ ሴት ስለሆነች በ80 ቀኗ ነው። እስከዚያ ልጄ ዳይኖሰሮቹን በቀዩ ነጥብ ያያቸዋል።