የጀፎረ ሣርና የከተማ ጭቃ

ከአዲስ አበባ ተነሥተን በጅማ መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወልቂጤ ደረስን። ወራቱ ነሐሴ ነበረና ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ማለዳ አባርቷል። አስፋልቱ ታጥቦ ያበራ ነበር፤ ከእርሱ ወርደን በውስጥ ለውስጥ መንገድ ስንገባ ግን ጭቃው ጫማችንን ያዘው። ተማሪዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በአጥር ጥግ ሲያልፉ አየን።

በማግሥቱ ወደ ገጠር ብንዘልቅ ነገሩ ሌላ ሆነ። ጀፎረ የሚባለው የጉራጌ መንደር አደባባይና መንገድ ሰፊና በሣር የተሸፈነ ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው ይቆማሉ፤ እንሰቱ ከየቤቱ ጓሮ ነው። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ የመስቀል ጨዋታውም፣ የልጆች ሩጫም በዚሁ ላይ ይሆናል። የሣሩ ሥር አፈሩን ስለሚይዘው ዝናቡ ወርዶ ሳይቆይ እግር ሳይንሸራተት ይኬድበታል። ሣሩን የሚጠብቅ ደመወዝተኛ የለም። አጥሩን ገፍቶ ከጀፎረ የቆረሰ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ይቆማል፤ በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድም የጆካ ቅጫ የሚባል የታወቀ ባህላዊ ሕግ አለ።

ታዲያ ይህን ያህል መንገድ አክባሪ የሆነ ሕዝብ ከተማ ሲገባ ስለ ምን ጭቃውን ዝም ብሎ ያልፈዋል? ስንፍና ነው እንዳንል፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች ከሌሎች ወገኖቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ ለማሠራት መድከማቸው የታወቀ ነው።

ክረምታቸው በረዶ በሆነባቸው አገሮችም ይኸው ክርክር አለ። በሰሜን አሜሪካ በብዙ ከተሞች ባለቤት ከደጁ ፊት ያለውን በረዶ ራሱ እንዲጠርግ ደንብ ያዝዘዋል፤ በመናፈሻ ውስጥና በወንዝ ዳር የሚያልፈውን የሕዝብ መንገድ ግን ማን ይጥረገው? ገንዘብ አይበቃም የሚሉ አሉ፤ ሽማግሌ ወድቆ ሲሰበር የሚከፈለው አይበልጥምን የሚሉም አሉ። በእኛ ዘንድ በረዶ ቢወርድ ወዲያው ይቀልጣል፤ ጭቃው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ይቀመጣል።

በሌላ ጉዞ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከዘቢዳር ተራራ ግርጌ ወዳለችው፣ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ወደ ሆነችው ቡታጅራ ሄድን። ከሁለቱ ከተሞች በአንደኛዋ (የትኛዋ እንደ ሆነች መናገር አያስፈልግም) አስከሬን የተሸከሙ ሰዎች በቦይ ዳር እየተንሸራተቱ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቃሬዛውን እየደገፈ ሲያልፉ ቆመን አየን። በጀፎረ ቢሆን ለቀስተኛው ሁሉ ጎን ለጎን በሄደ ነበር።

በእኛ አሳብ የደጃፍ ጭቃ የባለቤቱ ነው፤ የቦዩና የጋራው መንገድ ሥራ ግን የማዘጋጃ ቤት ነው። በመንደር ሁሉም ይተዋወቃል፣ የሽማግሌ ቅጣትም ይደርሳል፤ በከተማ ግን ተከራይ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ከላይ የተደፈነ ቦይም ጎርፉን ከታች ባለው ሰው ቤት ያስገባዋል። ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ እንኳ ቦዩ ካልተጠረገ ደለል ይለብሳል።

በዚያው መንደር አንዲት ባልቴት በዱላቸው መሬቱን እየፈተሹ ሲመጡ አገኘናቸውና ክንዳቸውን ይዘን አሻገርናቸው። «እማማ፣ ልጆች የሉዎትም ወይ?» ብንላቸው «አሉኝ እንጂ ልጆቼ፤ አዲስ አበባ ይነግዳሉ» አሉን። «ታዲያ መንገዱን ለማስጠረግ አያዋጡም?» አልናቸው።

«እነርሱ የሚመጡት ለመስቀል ነው» አሉ፤ «ያን ጊዜ ደርቆ ያገኙታል። ጭቃውን አይተውት አያውቁም።»